መምህራን ስለ ዘረኝነት አብረው ሲያነቡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ መምህራን ስለ ዘረኝነትና ስለ ዘር ፍትሕ የሚያወራ መጽሐፍ መርጠው አብረው ያነባሉ። ምዕራፉን ቤታቸው ያነቡና ተገናኝተው ይወያዩበታል። ልማዱ ድሮም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ ግን በጣም ተስፋፋ። ስለዚህ ንባብ የሚወራው ብዙ ነው፤ ብዙው ደግሞ ልክ አይደለም።

«ይሄ እኮ የባርነት ዘመን ታሪክ ነው»

አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ፋርምቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1951 እዚያ የነበረው የጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት፣ ሞተን፣ ለ180 ልጆች ተሠርቶ ከ450 በላይ ይዞ ነበር። ቦታ ያልበቃቸው ሬንጅ በተቀባ ወረቀት በተሸፈኑ ዛኒጋባዎች ውስጥ ይማሩ ነበር። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ያፈሳል። ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ተማሪዎቹን አስተባብራ አድማ አስመታች። አድማው ወደ ክስ አመራ፤ ክሱም በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪዎችን በዘር መለየት ሕገወጥ ነው ብሎ ከወሰነባቸው ጉዳዮች አንዱ ሆነ።

ፋርምቪል ያለችበት ካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር) ግን ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ይቅር ብሎ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። ለነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ተከፈተ። ብዙ ጥቁር ልጆች እስከ 1964 ድረስ ያለ ትምህርት ቀሩ። ያኔ አንደኛ ክፍል ሊገቡ የነበሩት ዛሬ የሰባ ዓመት አያቶች ናቸው። አንዲት አያት ትምህርት ቤት የሚላትን ሁሉ ለምን እንደማታምን፣ ይህን ያላነበበ መምህር በምን ይገባዋል?

«ነጭ መምህራንን ለማሸማቀቅ ነው»

እንደዚያ የሆነ ውይይት ካለ በደንብ አልተመራም ማለት ነው። ዋናው ጥያቄ «ጥፋተኛው ማነው?» ሳይሆን «እዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እየሆነ ነው?» የሚለው ነው።

«እኔ ቀለም አላይም፤ ሁሉም ለእኔ እኩል ነው»

ይህን ከልባቸው የሚሉ ብዙ ጥሩ መምህራን አሉ። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2013-14 የትምህርት ዘመን ጥቁር ተማሪዎች ከጠቅላላው 15.5 በመቶ ነበሩ፤ ከትምህርት ከታገዱት ውስጥ ግን 39 በመቶ። ድህነት ነው እንዳይባል፣ ልዩነቱ ሀብታም ሰፈር ባሉትም ትምህርት ቤቶች ታይቷል። ሁሉም ጥፋት ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ሲጋራ ያጨሰ ልጅ አጭሷል፤ አያከራክርም። «አክብሮት የለውም» የሚለው ክስ ግን በመምህሩ ዓይን የሚወሰን ነው። አብሮ ማንበብ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያየዋል።

«መጽሐፉ ካለቀ ሥራው አለቀ»

የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ቅጣት መዝገብ ተገልጦ ካልታየ ገና አልተጀመረም።

«እኛን ሀበሾችን አይመለከትም»

ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። በየአገሩ ኮታ የሚገድበው የኢሚግሬሽን ሕግ በ1965 የተሻረው በጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ዘመን ነው። ለእኛም በሩን ከከፈቱት ነገሮች አንዱ የዚያ ሕግ መሻር ነው። ልጆቻችንም ክፍል ሲገቡ ሌላው የሚያያቸው እንደ ጥቁር ልጅ ነው። ትልቅ ሰው ሲቆጣ አንገትህን ድፋ ብለን ያሳደግነው ልጅ፣ የመምህሩን ዓይን ስላላየ «አይሰማኝም» ተብሎ ወደ ቢሮ ሊላክ ይችላል። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ፦ መምህራኑ ምን እያነበቡ ነው? ካነበቡ በኋላስ ምን ቀየሩ?