«የገበሬዎች ሰርግ»፦ የብሩጌል ሥዕልና አተረጓጎሙ

«የገበሬዎች ሰርግ» የፍላንደርሱ ሠዓሊ ታላቁ ፒተር ብሩጌል በ1567 ወይም በ1568 ገደማ የሣለው የዘይት ቀለም ሥዕል ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተሣለው በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ ቁመቱ 114 ስፋቱ 164 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በዓለም ትልቁን የብሩጌል ሥዕሎች ስብስብ በያዘው በቪየናው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

ብሩጌል በ1551 የአንትወርፕ ሠዓሊዎች ማኅበር አባል ሆነ። በ1563 ወደ ብራስልስ ተዛወረ፤ በ1569 እዚያው አረፈ።

ድግሱ የተደገሰው በእህል ጎተራ ውስጥ ነው። ከኋላ እንደ ግድግዳ የቆመው እስከ ላይ የተከመረ እህል ነው፤ ሁለት ነዶም ተሰቅሎበታል። አዝመራው ገብቷል ማለት ነው። ሙሽራዋ ከጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ከራሷ በላይ የወረቀት ዘውድ ተንጠልጥሏል። እጆቿን አጣምራ ዝም ብላለች፤ አትበላም፣ አትጠጣም። ሁለት ሰዎች ከማጠፊያው የተነቀለ በር ላይ ሳህኖች ደርድረው ይዘው ይገባሉ። ከፊት ያለው ባርኔጣው ላይ የእንጨት ማንኪያ ሰክቷል። ሁለት ሙዚቀኞች ባግፓይፕ (ከረጢት ያለው የትንፋሽ ሙዚቃ መሣሪያ) ይዘዋል፤ አንደኛው ዓይኑ ምግቡ ላይ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠው ሕፃን ትልቅ ባርኔጣ ደፍቶ ሳህኑን በጣቱ ይጠርጋል። በስተቀኝ አንድ መነኩሴ ጎራዴ ከታጠቀ ጥቁር ለባሽ ሰው ጋር ያወራል። ይህ ሰው ባለርስቱ ነው የሚሉ አሉ፤ ራሱ ብሩጌል ነው የሚሉም አልጠፉም።

ብዙ ያከራከረው ግን ሙሽራው ነው። የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ቢራ የሚቀዳው ሰው ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ሳህን የሚያቀብለውን ይጠቁማሉ። እነዚህን ሁለቱን የሚመርጡት በጊዜው ሙሽራው ራሱ እንግዳ ያስተናግድ ነበር በሚል ነው። ግምቱ ደስ ይላል፤ ሥዕሉ ግን ቁርጥ ያለ ምልክት አይሰጥም።

የሥዕሉ መልእክትም አንድ ዓይነት ፍቺ አላገኘም። በ1970ዎቹ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ስቬትላና አልፐርስ የብሩጌል የገበሬ ሥዕሎች የደስታ ሥዕሎች ናቸው ስትል፣ ሌላው ምሁር ሄሰል ሚዴማ በተቃራኒው የገበሬውን ብልግና ማስጠንቀቂያ አድርጎ አነበባቸው። ሥዕሉን ሆዳምነትን የሚወቅስ ስብከት የሚያደርጉም አሉ። ይህ አያስኬድም። በበሩ ላይ የመጣው ገንፎ መሳይ ምግብ እንጂ የሥጋ ክምር አይደለም። የሰከረም፣ የተጣላም የለም። ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጦ የድካሙን ፍሬ ይበላል።

ካሬል ቫን ማንደር በ1604 ባሳተመው የሠዓሊያን ታሪክ፣ ብሩጌል ከነጋዴው ወዳጁ ከሃንስ ፍራንከርት ጋር የገበሬ ልብስ ለብሶ፣ ስጦታ ይዞ፣ ዘመድ መስሎ ሰርግ ይሄድ እንደነበር ጽፏል። ጸሐፊው ይህን ያሰፈረው ሠዓሊው ከሞተ 35 ዓመት በኋላ ስለሆነ ታሪኩን የሚጠራጠሩ ምሁራን አሉ። ይሁንና የተነቀለውን በርና ባርኔጣ ላይ የተሰካውን ማንኪያ የሣለ ሰው እንዲህ ያለውን ድግስ በቅርብ አይቷል ማለት ይቻላል።

ሥዕሉን በ1594 የኦስትሪያው አርክዱክ (መስፍን) ኧርነስት ብራስልስ ውስጥ ገዛው። እሱ ሲሞት በወንድሙ በቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት በሩዶልፍ ሁለተኛ እጅ ገባ። ወደ ቪየናው ስብስብ የመጣው በእነዚህ ወንድማማቾች ቤተሰብ፣ በኦስትሪያ ገዢዎቹ በሀብስበርጎች በኩል ነው።