ክፍት የፋይል ፎርማት ምንድን ነው?

ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ አጠገብ አንድ ጽሕፈት ቤት ተቀምጫለሁ። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን በፍላሽ ይዛ መጣች። ፋይሉ ሲከፈት ሠንጠረዡ ተበታትኗል። «ቫይረስ ይሆን?» አለች ደንግጣ። አልነበረም። የጻፈችበት ፕሮግራምና እዚህ ያለው ፕሮግራም ይለያያሉ።

ሰነድ ሴቭ ስናደርግ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው በሕግ ነው፤ ፊደሉ በምን ቁጥር ይጻፍ፣ ሠንጠረዡ የት ይጀምር የሚል ሕግ። ፎርማት ማለት ይሄው ነው። ሕጉ ታትሞ ማንም ሊሠራበት ከቻለ ክፍት ነው። ኩባንያው በእጁ ከያዘው ግን ዝግ ነው።

የድሮው የዎርድ ፎርማት፣ ዶክ፣ ለዓመታት ዝግ ነበር። ሌሎች ፕሮግራሞች በግምት ነበር የሚከፍቱት። ኦዲኤፍ የተባለው ክፍት ፎርማት እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ዶክን የተካው አዲሱ የዎርድ ፎርማት፣ ዶክኤክስም፣ በ2008 ተከተለ። ስለዚህ ዶክኤክስን ዝግ ማለት ልክ አይደለም። ግን የመጀመሪያው የሕግ መጽሐፉ ከ6,000 ገጽ በላይ ነው! ሌላ ፕሮግራም ሁሉንም አሟልቶ መከተል ይከብደዋል። የልጅቷ ሠንጠረዥ የተበተነውም እንዲህ ባለ ክፍተት ነው።

ክፍትነቱን በዓይናችሁ እዩት። ኦዲቲ (.odt) የኦዲኤፍ የጽሑፍ ሰነድ ነው። የአንድ ኦዲቲ ፋይል ኮፒ ውሰዱና የስሙ መጨረሻ ላይ ያለውን ኦዲቲ ወደ ዚፕ (.zip) ቀይሩት። ሲከፈት ውስጡ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች አሉ። «ኮንቴንት» የሚለውን በኖትፓድ ክፈቱት፤ የጻፋችሁት አማርኛ በምልክቶች መሀል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እኛን ግን ከዚህም የባሰ ነገር ጎድቶናል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ፣ ከመግባቱ በፊት፣ የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ያን ጊዜ የተጻፈ ደብዳቤ ዛሬ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ጣና ገዳማት ያለውን ብራና ግዕዝ የሚያውቅ ሁሉ ከመቶዎች ዓመታት በኋላም ያነበዋል። የሃያ አምስት ዓመት ደብዳቤ ግን ቁልፍ ፍለጋ ያዞራል። ይሄ ያንገበግበኛል።

ልጅቷን «ላፕቶፕሽን አምጪው» አልኳት። በራሷ ፕሮግራም ከፍተን ለኅትመት ፒዲኤፍ አወጣን፤ ሠንጠረዡ እንዳለ ታተመ። ዋናውን በኦዲቲ እንድታስቀምጥ ነገርኳት፤ ነገ ማረም ስትፈልግ የምትከፍተው እሱን ነው።