ፈርስት ፓስ ምንድን ነው? የዋጥነው ክኒን ጉበት ጋ ሲደርስ

የምሠራው ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ መድኃኒት ቤት ነው። በቀደም አንድ አባት ገቡና ትንሽ ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር የውሸት ሳይሆን አይቀርም፤ ደረቴን ሲያፍነኝ ወሰድኩት፣ ጠብ ያለልኝ ነገር የለም» አሉኝ። ናይትሮግሊሰሪን ነው፣ የልብ መድኃኒት። እንዴት ወሰዱት ብላቸው «በሻይ ዋጥኩት» አሉ።

መድኃኒቱ ምንም አልሆነም። የተሳሳተው የሄደበት መንገድ ነው። ይህ ክኒን ምላስ ሥር ተቀምጦ ይሟሟል እንጂ አይዋጥም። ምክንያቱ ደግሞ ባለሙያዎች ፈርስት ፓስ የሚሉት ነገር ነው።

የዋጥነው መድኃኒት ጨጓራ ውስጥ ይሟሟል፤ ትንሹ አንጀት ሲደርስ በግድግዳው በኩል ወደ ደም ይገባል። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ በቀጥታ ወደታመመው ቦታ የሚሄድ ይመስለዋል። አይሄድም። ከጨጓራና ከአንጀት የሚነሳው ደም ፖርታል ቬይን በሚባል ትልቅ የደም ሥር ተሰብስቦ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይገባል፣ ወደ ልብና ወደ ቀረው ሰውነት የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ጉበት ኬላ ነው በሉት። የበላነውን፣ የጠጣነውን ሁሉ ይፈትሻል። እንግዳ ነገር ካገኘ በኢንዛይሞቹ፣ ማለትም ነገርን በሚለውጡ ፕሮቲኖቹ፣ ይለውጠዋል፣ በሽንት ወይም በሐሞት በኩል እንዲወጣ ያደርገዋል። መድኃኒትም ለእሱ እንግዳ ነው፤ ሊያድነን መምጣቱን አያውቅለትም። እንግዲህ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት ሳይሰራጭ ገና በመጀመሪያው ማለፊያ፣ አንጀትና ጉበት ላይ የሚቀንሰው ቅናሽ ነው ፈርስት ፓስ የሚባለው።

ቅናሹ ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያል። ናይትሮግሊሰሪን ሲዋጥ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ምላስ ሥር ሲቀመጥ ግን የአፍ ደም ሥሮች ጉበትን ሳይረግጡ ወደ ልብ ያደርሱታል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሠራል። በደም ሥር 10 ሚሊግራም ሞርፊን የሚወስድ ሰው ያንኑ ማስታገሻ በአፍ ለማግኘት 30 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልገዋል። የአስም መድኃኒት የሆነው ሳልቡታሞል ደግሞ በፓፍ ሲሰጥ አንዴ ሲጫኑት የሚወጣው 100 ማይክሮግራም (0.1 ሚሊግራም) ነው፤ ክኒኑ ግን 4 ሚሊግራም አለው፣ 40 እጥፍ ማለት ነው። ፓፉ እዚያው ሳንባ ላይ ስለሚያርፍ ትንሹ ይበቃዋል፣ ክኒኑ ደግሞ ኬላውን አልፎ መላ ሰውነቱን ዞሮ ነው ሳንባ የሚደርሰው።

ታዲያ ይህን የሰማ ሰው «ስለዚህ መርፌ ይሻላላ!» ሊል ይችላል። ይህ እኛ አገር በጣም የከበደኝ ነገር ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ክኒን ብቻ የተጻፈለት ሰው ያልታከመ ያህል ይከፋዋል፤ ግሉኮስ ካልተሰቀለልኝ፣ ካልተወጋሁ የሚለው ብዙ ነው። ግን የክኒኑ መጠን የተወሰነው ጉበት የሚያስቀረው ታስቦበት ነው። ኬላው ምንም የማይነካው መድኃኒትም አለ። አሜባና ጃርዲያ የያዘው ሁሉ የሚያውቀው ሜትሮኒዳዞል ሲዋጥ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል መጠን ደም ውስጥ ይገባል። መዋጥ ለሚችል ሰው በመርፌ መሰጠቱ ሕመምና ወጪ እንጂ የሚጨምርለት የለም። መርፌ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፦ ሰውየው የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ራሱን ከሳተ፣ ወይም መድኃኒቱ እንደ ኢንሱሊን በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚፈጭ፣ እንደ ጄንታማይሲን አንጀት የማያስገባው ከሆነ።

ጉበት ደግሞ ሁልጊዜ አያዳክምም፤ የሚያነቃውም አለ። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ የጉበት ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ትርፍ ጂን እንዳላቸው አሳይቷል፣ ይህም ከአውሮፓውያን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኢንዛይሙ ስለሚበዛለት፣ ኮዴይን ሲወስድ ሞርፊኑ ቶሎና በብዛት ይመረታል፣ ትንፋሽ እስከማዳከም ሊደርስ ይችላል። ለሕፃናትና ለሚያጠቡ እናቶች ኮዴይን እንዳይሰጥ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ሌላ አገር ለሌላ ሰው ልክ የሆነው መጠን ለእኛ ልክ ላይሆን ይችላል፤ ይህን ሁላችንም ብናውቀው ደስ ይለኛል።

ጉበት ሲታመም ደግሞ ኬላው ይላላል። በፊት ከፊሉ ይቀር የነበረው መድኃኒት በገፍ ያልፋል፣ መጠኑም መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። የወፍ በሽታ ይዟችሁ ከሆነ ወይም ጉበታችሁ ላይ ችግር እንዳለ ከተነገራችሁ፣ ማዘዣው ሲጻፍም መድኃኒቱን ስትገዙም ተናገሩ።

ለእኚያ አባት ቁጭ ብለው ምላስ ሥር እንዲያደርጉት፣ በ5 ደቂቃ ካልተሻላቸው ሳይዘገዩ ሆስፒታል እንዲሄዱ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ እረሳዋለሁ፣ ጻፍልኝ» አሉኝ። ብልቃጡ ላይ በትልቁ «ምላስ ሥር፣ አይዋጥም» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው።