በብስክሌት ለካንሰር ሕሙማን፦ ስለ ረጅሙ የተማሪዎች ጉዞ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንድ የኮሌጅ ተማሪ «ለካንሰር ሕሙማን ገንዘብ ለማሰባሰብ ረጅም ርቀት በብስክሌት ልጓዝ ነው» ሲል ግማሹ ሰው «አብደሃል እንዴ?» ይለዋል፤ ግማሹ ደግሞ «ጀግና!» ብሎ ያጨበጭባል። ሁለቱም ወገን የሚያስበው ስለ ጡንቻ ነው። ጉዞውን የሚያከብዱትም የሚያቃኑትም ነገሮች ግን በአብዛኛው ሌላ ቦታ ናቸው።

«ይሄ ለብስክሌት ተወዳዳሪዎች ነው»

በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቴክሳስ 4000» በተባለው ጉዞ ከኦስቲን ተነስተው አላስካ ድረስ ይነዳሉ። ርቀቱ ከ6,400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ 70 ቀን ገደማ ይፈጃል። ከሚመዘገቡት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ረጅም ርቀት ነድተው አያውቁም። የሚያደርሳቸው ረጅም ዝግጅት ነው።

በዝግጅቱ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። መቶ ኪሎ ሜትር አንድ ቀን መንዳት ያን ያህል አይገርምም፤ የሚከብደው በማግስቱ ተነስቶ መድገሙ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ረጅም ነድታችሁ እሁድ በደከመ እግር እንደገና ውጡ። ሰውነት የሚለምደው እንዲህ ነው።

«ገንዘቡን የሚያመጣው ፔዳሉ ነው»

ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ኪሱን የሚከፍት ሰው ብዙም አላየሁም። ሰው የሚሰጠው ስለተጠየቀ ነው። እናቱን በካንሰር ያጣው ቢሊ ስታር በ1980 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ውስጥ «ፓን ማስ ቻሌንጅ»ን ሲጀምር 36 ብስክሌተኞች ተሰባስበው 10,200 ዶላር አመጡ። ዛሬ ለዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም የገባው ጠቅላላ ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ከዓመት ዓመት ተጓዦቹ የየራሳቸውን ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ባይጠይቁ ይህ ባልሆነ ነበር።

ተማሪ ብዙ ጊዜ አንድ መልእክት ጽፎ ለሁሉም ይልክና ዝም ሲሉት ያዝናል። ለሁሉም የተላከን መልእክት ማንም «ለእኔ ነው» ብሎ አይወስደውም። ሰውየውን በስሙ ጥሩት፤ ስለማን ብላችሁ እንደምትጓዙ ንገሩት፤ የምትፈልጉትን መጠንና ቀኑን ቁረጡለት። «የቻልከውን ያህል» ሲባል ሰው ያሰበው ገንዘብ ያነሰ ይመስለውና አፍሮ ይተወዋል። «ጓደኞቼ ሁሉ ድሃ ተማሪዎች ናቸው» የሚለው ሰበብም አያስኬድም፤ የቀድሞ አስተማሪዎቻችሁ፣ የወላጆቻችሁ ወዳጆች፣ ካንሰር ደጃቸውን ያንኳኳ ቤተሰቦች አሉ። የሰጠን ማመስገን፣ ከመንገድ ላይም አንድ ፎቶ መላክ አይረሳ።

«የሚሰበሰበው ሁሉ ለመድኃኒት ምርምር ይውላል»

አንዳንዱ ለምርምር ይሄዳል፤ አንዳንዱ ለታካሚ ትራንስፖርት፣ ከሆስፒታል አጠገብ ለማረፊያ፣ ለቅድመ ምርመራ ይውላል። የጉዞውን ወጪ ከመዋጮው የሚቀንሱ አዘጋጆች አሉ፤ የማይቀንሱም አሉ። ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ ለጋሾቻችሁ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ነውና።

«ኮርቻው በለሰለሰ ቁጥር ይመቻል»

ለአጭር ዙር እውነት ነው። ስድስት ሰዓት ስትቀመጡበት ግን ለስላሳው ስፖንጅ ይሰምጥና በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች መካከል ያለውን ሥጋ፣ ነርቭና የደም ሥር ይጫናል፤ መደንዘዝ ይመጣል። የሚሻለው ጠንከር ያለና ከአጥንቶቹ ስፋት ጋር የሚገጥም ኮርቻ ነው። ስፖንጅ የተሰፋበት የብስክሌት ቁምጣ ያለ ውስጥ ሱሪ ይለበሳል። ነገሩ ያሳፍራል፤ ነገር ግን የውስጥ ሱሪው ስፌት ሲፈትግ ውሎ ቁስል ያወጣል፣ ቁስሉም ከማንኛውም ዳገት በላይ ሰው ያስቀራል።

ከፍታውን ለማስተካከል ኮርቻው ላይ ተቀመጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ጉልበታችሁን ከፊት በኩል የሚያምችሁ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ ደግሞ መሪው ላይ የእጃችሁን አያያዝ ቶሎ ቶሎ ቀያይሩ።

«ውሃ ብቻ በብዛት ከጠጣሁ ይበቃኛል»

በሙቀት ብዙ ላብ ካፈሰሳችሁ በኋላ ውሃ ብቻ ከልክ በላይ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያሳንሳል፤ ከባድ አደጋም ሊያመጣ ይችላል። ጨው ያለው ነገር ያዙ። በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ውሰዱ፤ ረሃብ እስኪሰማ መጠበቅ መዘግየት ነው።

«ታማሚን ማበረታታት ማለት ‹ታገል፣ ታሸንፋለህ› ማለት ነው»

በመንገድ ላይ ሕሙማንንና ቤተሰቦቻቸውን ታገኛላችሁ። ሕመሙ ያገረሸበት ሰው ከዳነው ያነሰ ስለታገለ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነቱ ቃል ግን ጥፋቱን እሱ ላይ ይጥላል። «እንዴት ነህ ዛሬ?» ብሎ መስማት ይሻላል። «ታማሚ መተኛት እንጂ መንቀሳቀስ የለበትም» የሚለውም እንደ ድሮው አይደለም፤ ሐኪም እስከፈቀደ ድረስ በሕክምና ወቅትም ሆነ ከዚያ በኋላ ቀላል እንቅስቃሴ ድካምን እንደሚቀንስ ይታወቃል። በእነዚህ ጉዞዎች ላይ ከካንሰር የተረፉ ሰዎችም ይነዳሉ፤ ዳገት ላይ ቀድመዋችሁ ቢወጡ አትደነቁ።