ሮዳጅ ምንድን ነው?

ሮዳጅ አዲስ ወይም የታደሰ ሞተር ክፍሎች እየሠሩ እርስ በርስ የሚላመዱበት ጊዜ ነው። ዋናው ጉዳይ የፒስተን ሪንግ (ፒስተኑን ከብቦ ግፊት እንዳያመልጥ የሚዘጋው ቀለበት) እና ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ግድግዳ ነው። «ሮዳጅ ላይ ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳ» ይባላል፤ ይህ ምክር ብቻውን ግን ጉልበት የሚጠየቅ ሞተርን ያበላሻል።

ሆኒንግ የተደረገ፣ ማለትም ግድግዳው በመሳያ ድንጋይ የተሞረደ ሲሊንደር በባትሪ መብራት ሲታይ ተጠላልፈው የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች አሉት። የጭረቱ ጫፍ ሪንጉን ይሞርደዋል፣ ሸለቆው ዘይት ይይዛል። ሪንጉን ግድግዳው ላይ አጥብቆ የሚጫነው በዋናነት ከኋላው የሚገባው የቃጠሎ ግፊት ነው። ይህ ግፊት የሚገኘው ደግሞ ሞተሩ ጭነት ሲሸከም ነው። በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረግጡ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ለረጅም ጊዜ ካቆዩት ሪንጉ ግድግዳውን ተላምዶ ሳይቀመጥ ዘይት ግድግዳው ላይ ይጋገርና እንደ መስታወት ያለሰልሰዋል። ያኔ ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ መፍትሔውም ፈትቶ እንደገና ሆኒንግ ማድረግ ነው።

ግማሹ ሥራ ግን ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት ያልቃል። የሆኒንግ ዱቄት በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይወጣም፤ ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ይፈልጋል። ከታጠበ በኋላ ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ ሲሊንደሩ ውስጥ ያዙሩ። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ገና አልጸዳም፤ እንደገና ይታጠብ። ይህን የዘለለ ሰው አዲሱን ሪንግ በአሸዋ እንደፈጨ ይቁጠረው።

የሪንግ ጫፍ ክፍተትም፣ ማለትም ሪንጉ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት፣ ይለካ። የቶዮታ 2ጄዜድ ሞተር ሲሊንደር የውስጥ ስፋት (ዲያሜትር) 86 ሚሊሜትር ነው፤ ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) ላለው የመንገድ መኪና የተለመደው መነሻ ስፋቱን በ0.005 ማባዛት ስለሆነ የላይኛው ሪንግ 0.43 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። የሪንጉ አምራች ሌላ ቁጥር ከሰጠ የእሱን ይከተሉ። ክፍተቱ ከጠበበ ሪንጉ ሲግል ጫፍና ጫፉ ይጋጫል፣ ፒስተኑንም ይሰብራል።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ካንዴላ አውጥተው፣ ነዳጅና ማቀጣጠያ ቆርጠው፣ የዘይት ግፊት እስኪታይ በሞተሪኖ ያዙሩት። ካም ሻፍቱ (ቫልቮችን የሚከፍተው ዘንግ) በጠፍጣፋ ታፔት፣ ማለትም ካሙ እየተሻሸበት በሚገፋው ክፍል የሚሠራ ከሆነ ዚንክ የበዛበት ዘይት ያስፈልጋል፤ እንደተነሳም ወደ ሚኒሞ ሳይወርድ በደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር እያቀያየሩ ለ20 ደቂቃ ያሠሩት። በሮለር (በሚሽከረከር ታፔት) ለሚሠራ ይህ አያስፈልግም፤ ፍሳሽና ሙቀት አይቶ ወደ መንገድ መውጣት ነው።

ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ በ3ኛ ወይም በ4ኛ ማርሽ፣ ቤንዚን መስጫውን ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ረግጠው ከ2000 ወደ 4500 ዙር ያውጡት። ከዚያ እግርዎን ሙሉ በሙሉ አንስተው በማርሹ ይውረድ። ሲወርድ ሲሊንደር ውስጥ የሚፈጠረው መሳብ ዘይት ወደ ሪንጉ አምጥቶ ብናኙን ያጥባል። 10 ጊዜ ያህል ይደጋግሙት፤ መጀመሪያ ላይ ቀለል አድርጎ መጀመር፣ የቱርቦውንም ግፊት ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ዘይቱ ተራ ሚኒራል ይሁን፤ ሰበቃ የሚቀንስ ተጨማሪ ያለበት ሪንጉ እንዳይቀመጥ ያዘገየዋል። ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ከነፊልትሮው ይቀየር፣ ከዚያ 800 ላይ ይደገም። የወጣውን ፊልትሮ ቆርጠው ወረቀቱን ዘርግተው ይመልከቱ። እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ብናኝ የሚጠበቅ ነው። መዳብ የሚመስል ቅርፊት ካለ ግን ብሮንዚኑ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ለስላሳ ብረት) እየተበላ ነውና ሞተሩ ሌላ ኪሎ ሜትር ሳይጨምር ይፈታ።