ስቶሪላይን፦ ታሪክን ከታዳጊዎች ጋር አብሮ እየተረኩ ማስተማር

ስቶሪላይን መምህሩና ተማሪዎቹ አንድ ትረካ አብረው እየፈጠሩ የሚማሩበት ዘዴ ነው። የተወለደው ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ ነው። በዋናነት ለአንደኛ ደረጃ የተሠራ ቢሆንም፣ ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች የታሪክ ትምህርትም በጣም ይስማማል። በአማርኛ "ታሪክ" የሚለው ቃል የሆነውንም የተፈጠረውንም ይሸከማል። ስለዚህ እዚህ ልጆቹ የሚፈጥሩትን "ትረካ"፣ በእርግጥ የሆነውን "ታሪክ" እንለዋለን።

አነሳሱ

እ.ኤ.አ. በ1965 በስኮትላንድ ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት አንድ ትልቅ መንግሥታዊ ሰነድ ወጣ። ልጆች ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና ሳይንስን ነጣጥለው ሳይሆን አዋሕደው እንዲማሩ ይመክራል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሥራ ላይ ማዋሉ ግን ቀላል አልነበረም። መፍትሔ የፈለጉት የጆርዳንሂል መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሰዎች ናቸው። በተለይ የስቲቭ ቤል፣ የሳሊ ሃርክነስና የፍሬድ ሬንዴል ስም ይነሳል። ዘዴውን ያሳደጉት ከክፍል መምህራን ጋር እየሞከሩ፣ እያረሙ ነው። የመምህርን ልፋት የሚያውቅ ሰው የሠራው መሆኑ ከአሠራሩ ያስታውቃል።

ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1993 ከስትራዝክላይድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሐደ። ግቢው እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘጋ። ዘዴው ግን ወደ ዴንማርክ፣ አይስላንድ፣ ኖርዌይ፣ ኔዘርላንድስና አሜሪካ ተሻግሯል።

በእንግሊዝ ደግሞ ዶሮቲ ሄዝኮት (እ.ኤ.አ. 1926–2011) "የባለሙያ ካባ" የተባለ፣ ልጆች እንደ ባለሙያ ሆነው የሚሠሩበት፣ የስቶሪላይን ቅርብ ዘመድ የሆነ ዘዴ ፈጥራለች። በ14 ዓመቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ የሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታለች። በኋላ በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ አስተማረች።

አሠራሩ

መጀመሪያ ቦታው ይፈጠራል። ቀጥሎ ሰዎቹ፣ ከዚያ ኑሯቸው ይመጣል። ከዚያ አንድ ችግር ይገባል። መጨረሻ ላይ መፍትሔና ድግስ አለ። ሁሉም ነገር ግድግዳ ላይ በትልቅ ሥዕል እየተለጠፈ ያድጋል። መምህሩ የሚመራው በጥያቄ ነው። ቤል ይህን ከገመድ ጋር ያመሳስለዋል፤ ጫፉ መምህሩ እጅ ነው፣ ገመዱ ግን ይላላል።

የዘዴው ልብ ግን አንድ ደንብ ነው፦ ልጆቹ መጽሐፉን ከመክፈታቸው በፊት የሚያስቡትን ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ነው ከእውነቱ ጋር የሚያስተያዩት።

7ኛ ክፍል ዓድዋን ይማራል እንበል። ልጆቹ በ1888 ዓ.ም. የነበረ አንድ የሸዋ መንደር ይሠራሉ። አንዱ ገበሬ፣ አንዷ ስንቅ አዘጋጅ፣ ሌላው በቅሎ ጠባቂ ይሆናል። ከየቤቱ ደጅ የሰቡ በሬዎችን መሳላቸው አይቀርም። ያኔ መምህሩ የክፉ ቀንን ነገር ያነሳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የከብት በሽታ አብዛኛውን በሬ ጨርሶ ነበር። በሽታው ጣሊያኖች በምፅዋ ካስገቡት ከብት መጣ ይባላል። "ታዲያ በምን አረሱ?" የሚለው ጥያቄ ከልጆቹ ይወጣል። የመጀመሪያው ሥዕል አይቀደድም፤ የታረመው ከጎኑ ይለጠፋል።

ከዚያ የክተት ነጋሪት ይጎሰማል። ስንቁ ምን ይሁን? በሶ፣ ቋንጣ፣ ጭኮ? በወረኢሉ አድርጎ ዓድዋ ለመድረስ ስንት ቀን? ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ የተነሱት በጥቅምት ነው፤ ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን ሆነ። በመካከል አምባላጌና መቀሌ አሉ። መቀሌ ላይ እቴጌ ጣይቱ ምንጩን ያስያዙበት ብልሃት ለልጆች ድንቅ የቡድን ሥራ ነው። የ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽም እንዲሁ ነው። ግማሹ ቡድን የአማርኛውን "ይቻላቸዋል" ይይዛል፣ ግማሹ የጣሊያንኛውን ግዴታ። ከዚያ ይከራከራሉ። የዘማቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ 100,000 ገደማ ይባላል፤ ግምቶቹ ግን ይለያያሉ። ልጆቹ ይህንንም ቢያውቁ ጥሩ ነው።

የማደግ አስተሳሰብ

ግምትን ሳያፍሩ ማረም ከማደግ አስተሳሰብ ጋር ይሄዳል። ይህ ሐሳብ የስታንፎርዷ የሥነ ልቦና ምሁር የካሮል ድዌክ ነው። ችሎታ በልፋት፣ በስልትና በእርዳታ ያድጋል ብሎ ማመን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከክላውዲያ ሙለር ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑ ልጆች ቀላል ሥራ መምረጥ አበዙ። በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ከባዱን ደፈሩ።

በእኛ ክፍል ውስጥ "ጎበዝ!" የሚለው ቃል ሁለቱንም ያመሰግናል። ስለዚህ መምህሩ ምክንያቱን ቢጨምር ይበጃል፦ "ጎበዝ፣ ግምትሽን በማስረጃ አስተካከልሽ።" "አይገባኝም" ያለውንም ልጅ "ገና አልገባኝም" ማስባል ይቻላል። ስቶሪላይን ለዚህ ምቹ ነው። ሽምደዳ ላይ ስህተት ነጥብ ያስቀንሳል። እዚህ ግን ትምህርቱ የሚጀምረው ከተሳሳተው ግምት ነው።

የሐሳቡ ጥቅም መጠን ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት 12,000 ገደማ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ተመልክቷል። ስለዚህ ሐሳብ የተሰጠ፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ የኢንተርኔት ትምህርት ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸውን ልጆች አማካይ ውጤት (GPA) በ0.1 ነጥብ አሻሻለ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን የደመረ ሥራ ውጤቱን ደካማ ብሎታል። ስለዚህ ፖስተር መለጠፍ ብቻውን ብዙ አይጠበቅበትም።

በእኛ ክፍሎች

አብሮ መተረክ ለኛ ልጆች እንግዳ አይደለም። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" የሚል አድማጭ ከሌለ ተረቱ አይጀምርም። እንቆቅልሽ ያቃተውም አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል፤ ጨዋታው ይቀጥላል።

ዋናው ፈተና የተማሪ ብዛት ነው። 60 ልጅ ባለበት ክፍል በስድስት በስድስት 10 ቤተሰብ መመሥረት ይቻላል። ለሥዕሉ የካርቶን ቁራጭ፣ አሮጌ ጋዜጣና ከሰል ይበቃል። በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች መንደሩ ግድግዳ ላይ ሊያድር አይችልም። እዚያ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተሰፍቶ ይሠራል፤ የከሰዓቶቹ ከመግባታቸው በፊትም ይጠቀለላል።