በቤት ውስጥ ኬሚካሎች ላይ የሚታተሙ የአደጋ ምልክቶች

በጽዳት ዕቃዎች፣ በነዳጅ፣ በቀለምና በፀረ ተባይ መያዣዎች ላይ የሚታተሙት ዓለም አቀፍ የአደጋ ምልክቶች ዘጠኝ ሲሆኑ፣ ሁሉም በጫፉ በቆመ ባለ ቀይ ጠርዝ አራት ማዕዘን ውስጥ በነጭ መደብ ላይ በጥቁር የተሣሉ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ከሥዕሉ አጠገብ «አደጋ» ወይም «ማስጠንቀቂያ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከሁለቱ ከባዱን ጉዳት የሚያመለክተው «አደጋ» የሚለው ነው።

የኒው ዮርክ ግዛት የመርዝ መያዣዎች ጽሑፍ እንዲለጠፍባቸው የደነገገው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ለዓለም ሁሉ አንድ ሥርዓት እንዲበጅ ግን የተወሰነው በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተካሄደው የምድር ጉባኤ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ሰነዱን በ2003 አሳትሟል። የአውሮፓ ኅብረት ቀድሞ ይጠቀምባቸው የነበሩትን ብርቱካናማ ምልክቶች በየደረጃው አስቀርቶ፣ ከጁን 2015 ጀምሮ ለድብልቅ ኬሚካሎችም አዲሶቹን ግዴታ አድርጓል።

በየቤቱ በብዛት ከሚገኙት ምልክቶች አንዱ ከሁለት ብልቃጥ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ እጅንና ብረትን ሲበላ የሚያሳየው ነው። በረኪና፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድና የቱቦ መክፈቻ ኮስቲክ ሶዳ ይህን ምልክት ይይዛሉ፤ ትርጉሙም ቆዳን ያቃጥላል፣ ዐይንን እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ሥዕሉ የማይናገረው ደግሞ ሌላ ከባድ ነገር አለ፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል የክሎሪን ጋዝ፣ በአንዳንድ ማጽጃዎች ውስጥ ከሚገኘው አሞንያ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ክሎራሚን የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ ሁለቱም ጠባብ በሆነ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያስከትላሉ። ስለዚህ ሽንት ቤቱ የበለጠ እንዲጸዳ በሚል በረኪናን ከአሲድ ወይም ከአሞንያ ጋር ማደባለቅ ፈጽሞ አይገባም።

ደረቱ ላይ ኮከብ መሰል ቅርጽ ያለበት የሰው ምስል ካንሰርን ብቻ የሚያመለክት ይመስላል። በነጭ ጋዝ ላይ ሲታተም ግን የሚያስጠነቅቀው፣ ፈሳሹ ከተዋጠ ወደ ሳንባ ገብቶ ሕይወት ሊያጠፋ እንደሚችል ነው፤ ነጭ ጋዝ የጠጣ ሕፃን እንዲያስመልስ የማይደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው። የራስ ቅልና አጥንት በትንሽ መጠን የሚገድል መርዝን፣ ቃለ አጋኖ ቀለል ያለ ጉዳትን፣ ነበልባል ተቀጣጣይነትን፣ የደረቀ ዛፍና የሞተ ዓሣ በውኃ ውስጥ ሕይወት ላይ የሚደርስ ጉዳትን ያመለክታሉ። የቀሩት የሚፈነዳን፣ እሳት የሚያባብስንና በግፊት የታመቀ ጋዝን ይመለከታሉ።

የራስ ቅሉ ለልጆች ይስማማል ወይ የሚለው ያከራክራል። በአሜሪካ በፒትስበርግ የሕፃናት ሆስፒታል ልጆች ምልክቱን ከባሕር ወንበዴዎች ጋር ያያይዙታል በሚል እ.ኤ.አ. በ1971 «ሚስተር ያክ» የተባለ፣ መጸየፍን የሚያሳይ አረንጓዴ ፊት በምትኩ ተፈጥሯል፤ የእርሱም ውጤታማነት ጥያቄ ተነሥቶበታል።

ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። በፀረ ተባይ መያዣ ሥር የሚታየው ባለ ቀለም መስመር ሌላ ምልክት ነው፤ ቀይ እጅግ መርዛማውን ያመለክታል፣ ቢጫና ሰማያዊ ተከትለው ይመጣሉ፣ አረንጓዴ የመጨረሻው ነው። እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ የሚገባው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ኪኒን እርጥበት ሲነካው ገዳይ ጋዝ ስለሚለቅ፣ ሰው በሚተኛበት ክፍል መቀመጥ የለበትም።

በአረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩ እህቶቻችን «ክሎሮክስ» በሚባለው በረኪና ላይ የተጻፈውን ማንበብ ባይችሉ እንኳ፣ ሥዕሉ ካለበት አደገኛነቱን ሊረዱ ይችላሉ። በአሜሪካ ግን ብዙ የቤት ፍጆታ ምርቶች እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣ ሕግ ስለሚዳኙ ቀይ ጠርዙን የመያዝ ግዴታ የለባቸውም፤ ስለዚህ በእነርሱ ላይ መፈለግ ያለበት ጽሑፉ ነው።

ምልክቱ የሚያገለግለው ምርቱ በመጣበት መያዣ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። በረኪናም ሆነ ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ ሲቀዳ ሥዕሉም ማስጠንቀቂያው ይቀራል፣ ሕፃኑም ጠርሙሱን የሚያውቀው በውኃነቱ ነው።